አንድ ቶን ካርቦን፦ በ10 ዶላር ወይስ በ1,000? የማካካሻ አገልግሎቶች ግምገማ

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የአውሮፕላን ትኬት በኢንተርኔት ሲቆረጥ፣ አንዳንድ ሻጮች ዘንድ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት አንዲት ሳጥን ብቅ ትላለች። ጥቂት ዶላር ቢጨምሩ የጉዞዎ ካርቦን ይካካሳል ትላለች። ክላይምወርክስ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ለይቶ አይስላንድ ምድር ውስጥ የመቅበር አገልግሎት ለግለሰብ ሳይቀር ሲሸጥ ቆይቷል። የእሱ ዋጋ በቶን 1,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚያም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ሻጭ ብዙውን ጊዜ በቶን ከ20 ዶላር በታች ይጠይቃል። ሁለቱም ደረሰኙ ላይ የሚጽፉት ግን ያንኑ «አንድ ቶን» ነው።

እዚህ የምንመዝነው ሦስት ዕቃ ነው፦ ከአየር የሚለቅመውን ማሽን፣ የቆጣቢ ምድጃ ክሬዲትንና የደን ክሬዲትን። ክሬዲት ማለት ይህን ያህል ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀርቷል ወይም ተይዟል ተብሎ የሚሸጥ ወረቀት ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ውዱ ዕቃ እውነተኛ ነው፣ የሚያቀርበው መጠን ግን ገና ትንሽ ነው። ርካሾቹ ለመንደሩ ትልቅ ጥቅም ሊሰጡ ይችላሉ፤ ከአውሮፕላን ጭስ ጋር ቶን በቶን የሚጣፉ ግን አይደሉም። ሦስቱም የሚጋሩት ጉድለት ደግሞ ሂሳቡን የሚያቀርቡት ዕዳው ለሌለበት ወይም ትንሽ ድርሻ ላለበት ሰው መሆኑ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የሚገዛው መጠን መጀመሪያ ይታወቅ። አንድ ትልቅ አውሮፕላን 13 ሰዓት በሚፈጅ በረራ 70 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል ብለን እንነሣ። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ከራሱ ከነዳጁ የሚከብደው የአየሩ ኦክስጅን ስለሚጨመርበት ነው። ስለዚህ ከ70ው ቶን 221 ቶን ጋዝ ይወጣል። 270 መንገደኛ ሲካፈለው ለአንዱ 0.8 ቶን፣ ደርሶ መልስ 1.6 ቶን ይደርሰዋል። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የተጫነው ዕቃ ድርሻውን ሲወስድ ወደ 1.5 ይወርዳል። ቢዝነስ ክፍል የተቀመጠ ሰው የያዘው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይታሰብበታል። አውሮፕላኑ ከኋላው የሚተወው ነጭ የደመና መስመርም ምድርን ያሞቃል፤ ሳጥኗ ግን እሱን ብዙ ጊዜ አትቆጥረውም።

እንግዲህ 1.5 ቶን በ10 ዶላር ሂሳብ 15 ዶላር ነው፣ በክላይምወርክስ ዋጋ ደግሞ 1,500 ዶላር። ይኸኛው ከትኬቱ ራሱ ጋር የሚስተካከል ገንዘብ ነው። በመኪና ነዳጅ ስናየው ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። አንድ ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ያንን በማሽን መልሶ ለመልቀም በሊትር 2 ዶላር ከ30 ሳንቲም ያስፈልጋል፤ በርካሹ ክሬዲት ደግሞ 2.3 ሳንቲም። ማደያው ላይ የሚከፈለው ዋጋ ይህን የጽዳት ወጪ ኖሮበት አያውቅም።

ማሽኑ

ክላይምወርክስ በ2009 ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኩባንያ ነው። ኦርካ የተባለው ጣቢያው በ2021 መስከረም፣ ማሞዝ የተባለው በ2024 ግንቦት ተከፈቱ። ሁለቱም አይስላንድ ሄሊሼይዲ በሚባል ቦታ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ አጠገብ ናቸው። በወረቀት ላይ አቅማቸው ኦርካ በዓመት 4,000 ቶን፣ ማሞዝ 36,000 ቶን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልልቅ ማራገቢያዎች አየር ይስባሉ፤ አየሩ አሚን የተባለ ኬሚካል በተያዘበት ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጣሪያው ላይ ይጣበቃል። ማጣሪያው ሲጠግብ ያለበት ሳጥን ግጥም ብሎ ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው አየር ይመጠጣል፣ ሙቀቱም ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ያኔ ጋዙ ከማጣሪያው ይለቅና በቧንቧ ይሄዳል። ማጣሪያው ቀዝቅዞ እንደገና ይከፈታል።

ቀሪውን ሥራ የሚሠራው ካርብፊክስ የተባለ የአይስላንድ ድርጅት ነው። ጋዙን እንደ አምቦ ውሃ ውሃ ውስጥ ያሟሟዋል። ለአንድ ቶን ጋዝ ወደ 25 ቶን ውሃ ይወስዳል። ከዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ ወደ ባዛልት ድንጋይ ይለቀዋል፤ እኛ አገር ለቤት መሠረት የሚወርደው ጥቁር ድንጋይ ዘመዱ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያሉት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት ጋዙን ይዘው ነጭ ድንጋይ ያደርጉታል። በ2012 ተቀብሮ የተከታተሉት የሙከራ ጋዝ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ድንጋይ ሆኖ መገኘቱን ተመራማሪዎች በ2016 በታተመ ጥናት አሳይተዋል። ከምንመዝናቸው ከሦስቱ ዕቃዎች ይህን የመሰለ ማስቀመጫ ያለው ሌላ የለም። ድንጋይ የሆነ ነገር አይቃጠልም፣ አይመነጠርም፣ ተመልሶ አየር ላይ አይወጣም።

ውድ የሚያደርገው የአየሩ ቅጥነት ነው። አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 እጅ 4 እጅ ብቻ ነው። አንድም ሳያመልጥ ቢያዝ እንኳ ለአንድ ቶን 1.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አየር በማጣሪያው ማለፍ አለበት፤ በተግባር ከዚህ ይበዛል። የሚፈጀው ኃይልም በቶን ከ6 እስከ 10 ጊጋጁል ነው፣ አብዛኛው ሙቀት። ይህን ሙቀት ከድንጋይ ከሰል የሚያመጣ ጣቢያ ሥራውን በራሱ ጭስ ያፈርሰዋል። ሄሊሼይዲ የተመረጠው እንፋሎቱ ከምድር በነፃ ስለሚወጣና ድንጋዩ እዚያው ከሥሩ ስላለ ነው።

የሚበላሸውስ? ማጣሪያው ያረጃል፣ አሚኑ ከኦክስጅን ጋር እየተጋጨ አቅሙ ይወርዳል፣ መቀየሪያው ደግሞ ውድ ነው። የሳጥኑ መዝጊያ ጎማ ትንሽ ካፈሰሰ መምጠጡ ይዳከምና ንጹሕ ጋዝ መውጣቱ ቀርቶ አየር ይቀላቀልበታል። እርጥበትና ብርድ ማራገቢያውንና በሮቹን ያስቸግራሉ፤ አይስላንድ ደግሞ ብርዱም ነፋሱም አይጠፋም። ፋብሪካው ሲሠራ፣ ብረቱ ሲቀልጥ፣ ኬሚካሉ ሲመረት የወጣው ጭስም ከተለቀመው ላይ ይቀነሳል። በ2021 የታተመ ጥናት የሄሊሼይዲው ጣቢያ ከሚለቅመው 93 በመቶ ያህሉ የተጣራ ትርፍ እንደሆነ አስልቷል። በኩባንያው አገር በስዊዘርላንድ፣ ሂንዊል ላይ በቆሻሻ ማቃጠያ ሙቀት የሚሠራው ቀዳሚ ጣቢያ 85 በመቶ ነበር።

ትልቁ ጉድለት ግን የአቅርቦት ነው። ሄይሚልዲን የተባለው የአይስላንድ ጋዜጣ በ2025 ግንቦት ባወጣው ምርመራ ጣቢያዎቹ የለቀሙት በወረቀት ከተጻፈው አቅም እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳየ። በዚያው ወር ኩባንያው ከአምስት ሠራተኞቹ አንዱን ያህል እንደሚቀንስ አስታወቀ። ስለዚህ አንድ ገዢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ዛሬ የተከፈለው ገንዘብ ዛሬ ጋዝ አይለቅምም። ውሉ ተራ መያዝ ነው፤ ተራው ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ኩባንያው ከጊዜ በኋላ ከሌሎች የማስወገጃ ዘዴዎች ጋር የተቀየጡ ጥቅሎችንም መሸጥ ጀምሯል። በቶን ከ1,000 ዶላር በጣም የረከሰ ዋጋ ካየችሁ ውስጡ ምን ያህሉ ከአየር የተለቀመ፣ ምን ያህሉ ዛፍ እንደሆነ በመቶኛ ጠይቁ።

ምድጃውና ደኑ

የምድጃ ክሬዲት ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እንጀራ መጋገር ማገዶ ይጨርሳል፤ ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚቀረጽ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ ምድጃ ነው። በአግባቡ ከተሠራ የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። ሲሚንቶው አንሶ ወይም ውሃ ሳይጠጣ ቀርቶ የደረቀ እንደሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሰነጠቃል። የመጋጠሚያው ክፍተት በጭቃ ካልተደፈነም ነበልባሉ በጎን ይወጣና ቁጠባው ይጠፋል። የእናቶችን ዓይንና ሳንባ የሚያድን ነገር ነውና ማንም የሚከፍልለት ቢገኝ እሰየው።

ክሬዲቱ ግን የሚሰላው በማባዛት ነው፣ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። አንድ ቤተሰብ በዓመት 1 ቶን ማገዶ አዳነ እንበል። አንድ ቶን ደረቅ ማገዶ ሲቃጠል 1.75 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ቀጥሎ «ከዚህ ማገዶ ምን ያህሉ ተመልሶ ከማይበቅል ደን የመጣ ነው» ተብሎ ይጠየቃል፤ ተመልሶ የሚበቅለው ጭሱን መልሶ ስለሚወስድ አይቆጠርም። ለኢትዮጵያ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው መነሻ ቁጥር 88 በመቶ ነበር። በዚህ ሂሳብ ምድጃው በዓመት 1.54 ቶን ክሬዲት ያወጣል። በ2015 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ግን በአማካይ ከ27 እስከ 34 በመቶ ብቻ አገኘ። ምሥራቅ አፍሪካ ከአማካዩ የባሰ ቢሆንም፣ 30 በመቶውን ወስደን እናስላ፦ 0.52 ቶን። ምድጃው ከተሰጣቸው ቤቶች 60 በመቶው ብቻ ከተጠቀሙበትና ሌሎቹ ወደ ጉልቻው ከተመለሱ 0.31 ቶን ይቀራል። ምድጃው ያው፣ እንጀራውም ያው ሆኖ የወረቀቱ ልዩነት አምስት እጥፍ ሆነ።

ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ አይደለም። በ2024 ጥር የታተመ የካሊፎርኒያ በርክሌይ ተመራማሪዎች ጥናት፣ የመረመሯቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ክሬዲት ወደ 9 እጥፍ ተጋንኖ አግኝቷል። በዚያው ዓመት ጥቅምት የኒውዮርክ ፌዴራል ዓቃቤ ሕግ በአንድ የምድጃ ክሬዲት ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊዎች ላይ መረጃ አዛብተዋል የሚል ክስ መሥርቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ላለው ግዢ ነው፦ ገዢው ቶኑን አያየውም፣ አይመዝነውም፣ አያስረክቡትም። መተማመኛው የቆጣሪው ሐቀኝነት ብቻ ነው፤ የቆጣሪውን ደመወዝ የሚከፍለው ደግሞ ሻጩ ነው።

ደኑ የተሻለ ታሪክ አለው። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በ7 ማኅበራት ተከልሎ፣ ከተቆረጡት ግንዶች ሥር የበቀለው ቁጥቋጦ እየተገረዘ እንዲያድግ ተደርጓል። በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ክሬዲት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚህ ስፋት ከተመዘገቡት የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ነው። ዕቅዱ በ30 ዓመት 880,000 ቶን መያዝ ነው፤ በሄክታር ሲካፈል በዓመት 11 ቶን አይሞላም። የዓለም ባንክ ፈንድ 165,000 ቶኑን ሊገዛ ተዋዋለ፣ ጠቅላላ ዋጋውም ከ700,000 ዶላር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በቶን 4 ዶላር ከምናምን መሆኑ ነው። ያንን ያህል ዘመን ከብቱን ከተራራው አስወጥቶ፣ ማገዶውን ከሌላ ቦታ አምጥቶ፣ ጥበቃ ቀጥሮ ደኑን ላቆየ ገበሬ አራት ዶላር። ምንጩ መልሶ መፍለቁና ሣሩ መብቀሉ የገበሬው ትርፍ ነው፤ ከካርቦኑ ያገኘው ግን እጅግ ትንሽ ነው።

የሁምቦ ክሬዲት አንድ የሚያስመሰግን ነገር አለው፦ «ጊዜያዊ» ተብሎ ነው የተሸጠው። ደኑ ቢቃጠል ወይም ቢመነጠር ካርቦኑ ይመለሳልና፣ ክሬዲቱ ጊዜው ሲያልፍ ገዢው መተካት አለበት። ዛሬ በትኬት ሽያጭ ላይ የሚቀርቡ የደን ክሬዲቶች ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አይጽፉም። ከነዳጅ የወጣው ጋዝ ግን ከፊሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። የሺህ ዓመት ዕዳ በ30 ዓመት ዛፍ አይጠፋም።

ሂሳቡ የማን ነው?

ቢራና ለስላሳ የሚያከፋፍል ሰው ሳጥኑን ሲያስረክብ ባዶ ጠርሙሱን ይቆጥራል። ዕቃውን ያወጣ ፋብሪካ ባዶውን መልሶ መረከብ ግዴታው ነው፤ ወጪውም ከመጀመሪያው ዋጋው ውስጥ አለ። ነዳጅ አውጪው ግን ካርቦኑን ከምድር አውጥቶ ይሸጥና፣ «ባዶውን» የሚሰበስበው ሌላ ሰው እንዲሆን ይተወዋል። ተመራማሪው ሪቻርድ ሂዲ በ2013 ባወጡት ስሌት፣ ከ1751 እስከ 2010 ከወጣው የኢንዱስትሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን 63 በመቶው ከ90 አምራቾች የተነሣ ነው፤ ነዳጅ፣ ጋዝ፣ የድንጋይ ከሰልና ሲሚንቶ። ተጠያቂው «ሁላችንም» ነው ተብሎ የሚድበሰበስ አይደለም፤ ዝርዝሩ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል።

አሁን የሚከፍለው ማን ነው? አሜሪካ ውስጥ ግብር ከፋዩ። 45ኪው የተባለው የግብር ቅናሽ ከአየር ለቅሞ ለሚቀብር በቶን እስከ 180 ዶላር ይሰጣል። በ2025 ሐምሌ የወጣው ሕግ ደግሞ ጋዙን ተጨማሪ የነዳጅ ዘይት ለማውጣት ወደ ጉድጓድ ለሚገፋ ኩባንያ ያንኑ 180 ዶላር ፈቀደ። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ የሚነዳ ሰው ከግብሩ የተወሰደው ሳንቲም ዘይት ለማውጫ ይውላል ማለት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ስትራቶስ የተባለውን፣ በዓመት 500,000 ቶን ሊለቅም የታሰበ ጣቢያ የሚሠራው ኦክሲደንታል የተባለ የነዳጅ ኩባንያ ነው። በ2023 ሥራ አስፈጻሚዋ ቪኪ ሆለብ ባደረጉት ንግግር፣ ይህ ቴክኖሎጂ ዘርፉ ለ60፣ ለ70፣ ለ80 ዓመት እንዲቀጥል ፈቃድ ይሰጠዋል የሚል ሐሳብ ተናግረዋል። ጽዳቱ የማቆሚያ ሳይሆን የመቀጠያ ምክንያት ሲሆን፣ የሕዝብ ገንዘብ የሚገባበት ምንም ምክንያት አይታየንም።

አውጪው ሲከፍል ምን እንደሚሆን ኖርዌይ አሳይታለች። በ1991 በባሕር ላይ ዘይትና ጋዝ ማውጫዎች የካርቦን ግብር ተጣለ። በዚህ የተነሣ ስታቶይል፣ ዛሬ ኤክዊኖር የሚባለው፣ ስላይፕነር በተባለው የባሕር ላይ ጋዝ ማውጫው ከጋዙ የሚለየውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ከመልቀቅና ግብር ከመክፈል መቅበሩ ረከሰው። ከ1996 ጀምሮ በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ቶን ከባሕሩ ወለል በታች ይቀብራል። ከአየር መልቀም አይደለም፣ ገና ከምንጩ መያዝ ነው። ነገር ግን ከመንግሥት ድጎማ ሳይለምኑ፣ ዋጋው ራሱ አስገድዷቸው የተሠራ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው ሕግ እስከ 2030 በዓመት 50 ሚሊዮን ቶን የመቅበሪያ ቦታ እንዲዘጋጅ፣ ግዴታውም ከ2020 እስከ 2023 ባወጡት መጠን ልክ በነዳጅና በጋዝ አምራቾች ላይ እንዲከፋፈል ደንግጓል። ይህ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው፤ የጠርሙሱ ሕግ ማለት ነው።

ስንት ያስወጣቸዋል? አንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ተጣርቶ ሲቃጠል 0.43 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አውጪው ከሸጠው 1 በመቶውን ብቻ በ1,000 ዶላር ዋጋ መልሶ እንዲቀብር ቢገደድ፣ በበርሜል 4 ዶላር ከ30 ነው፤ በሊትር ሦስት ሳንቲም አይሞላም። 10 በመቶ ሲሆን 43 ዶላር፣ 100 በመቶ ሲሆን 430 ዶላር። በየዓመቱ መቶኛው እየጨመረ እንዲሄድ ከተደረገ፣ የመልቀሚያው ዋጋ በሥራ ብዛት እስኪወርድ ጊዜ ይገኛል፤ ካልወረደ ደግሞ ዘይቱ ራሱ በዋጋው ከገበያ ይወጣል። ሁለቱም መንገድ ወደሚፈለገው ቦታ ያደርሳል። ለአየር የሚጠቅመው ቀዳሚ ነገር አለማቃጠል መሆኑም እዚህ ቁጥር ላይ ይታያል፦ 430 ዶላር ከፍሎ በርሜሉን ከማጽዳት በኤሌክትሪክ መንዳት በብዙ ይረክሳል።

የሚከብደው ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። አውጪው የተጫነበትን ዋጋ ገዢው ላይ ያወርደዋል። ዘይቱ በቦቴ ከጅቡቲ ሲገባ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ተሳፋሪና በናፍጣ ፓምፕ ቲማቲም የሚያጠጣ የመቂ ገበሬ ይከፍሉታል። የኢትዮጵያ ሰው ከነዳጅ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት ከ0.2 ቶን አይበልጥም፤ የአሜሪካው ወደ 14 ቶን ነው። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች በሊትር እኩል ዋጋ መጨመር ፍትሕ አይደለም።

ለዚህ ነው ያለፈውን የሚያስከፍለው መንገድ የተሻለ የሚመስለን። ከአሜሪካ ግዛቶች ቨርሞንት በ2024 ግንቦት፣ ኒውዮርክ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እንዲህ ዓይነት ሕግ አወጡ። የኒውዮርኩ ከ2000 ወዲህ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ጭስ የተነሣባቸውን ትልልቅ ኩባንያዎች በ25 ዓመት 75 ቢሊዮን ዶላር ይጠይቃል። ክፍያው የሚሰላው በትናንቱ ሽያጭ ስለሆነ፣ ነገ አንድ በርሜል ቢጨምሩም ቢቀንሱም አይለወጥም። ያልከፈለ ተፎካካሪ ስላለም ዋጋውን በቀላሉ በማደያው ላይ ሊጭኑት አይችሉም። ገንዘቡ ለአውሎ ነፋስና ለጎርፍ መከላከያ የሚውል እንጂ ካርቦን ለመልቀም አይደለም፤ ስልቱ ግን ለዚያም ይሠራል። በምዕራብ ቨርጂኒያ የሚመሩ 22 ግዛቶችና የፌዴራሉ መንግሥት በ2025 ሕጉን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄደዋል። ኮፕ 32 የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 አዲስ አበባ ላይ ሲቀመጥ፣ አስተናጋጇ አገር ይህን ያለፈ ዘመን ሂሳብ ከዕርዳታ ቃል ኪዳን ለይታ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጠው ታላቅ ነገር ይሆናል።

ታዲያ ማን ይግዛ?

ኩባንያዎች፣ ባንኮች፣ አየር መንገዶች፣ የስብሰባ አዘጋጆች ውዱን ይግዙ። በ2022 ስትራይፕ፣ አልፋቤት፣ ሾፒፋይ፣ ሜታና ማኪንሲ የተባሉት ኩባንያዎች 925 ሚሊዮን ዶላር መድበው ቋሚ የካርቦን ማስወገጃ አስቀድመው ለመግዛት ተነሥተዋል፤ የማሽኑን ዋጋ የሚያወርደው እንዲህ ያለ ትልቅ ግዢ ነው። ውሉ ላይ ግን አምስት ነገር ሳይጻፍ አይፈረም፦ የተጣራው ቶን (ከተለቀመው ላይ ጭሱ ተቀንሶ)፣ የመቅበሪያው ቦታና የጉድጓዱ ስም፣ የማስረከቢያው ዓመት፣ ካላስረከበ ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ፣ እና ከሻጩ ደመወዝ የማይቀበል መርማሪ።

ግለሰብ ግን፣ በተለይ ለለቅሶ ወይም ለወላጆቹ ጥየቃ አገር ቤት የሚሄድ ሰው፣ 1,500 ዶላር ባለመክፈሉ ዕዳ እንደበላ አይሰማው። ትኬቷ ሥር ያለችውን የ15 ዶላር ሳጥንም ባያይዛት አናዝንም፤ ምን እንደገዛ ስለማያውቅ ነው። አቅም ያለውና ቴክኖሎጂውን ማገዝ የሚፈልግ ከክላይምወርክስ ትንሽ መጠን፣ 50 ወይም 100 ኪሎ፣ ቢገዛ ገንዘቡ እውነተኛ ማሽን ጋ ይደርሳል። ቅይጡን ሳይሆን ከአየር የተለቀመውን ብቻ ይምረጥ።

ያቺን 15 ዶላር ከሌሎች ጋር አዋጥቶ አገር ቤት ላለ ዘመድ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት ሌላ ነገር ነው። ካርቦን ማካካሻ ብለን አንጠራውም፣ ቶንም አንቆጥርለትም። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሚመነጭ ግን፣ ምጣዱ የሚያስቀረው የማገዶ ጭስ በዓይን የሚታይ ነው። ምጣዱ እስከ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ ጋር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሂሳብም ይላክ፦ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የሚወጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፔር ብሬከርና የመሬት መስመር። ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ ማከፋፈያ ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ቤትም ያቃጥላል። መብራት ለሚጠፋባቸው ሰፈሮች ምርጥ ምድጃው አይጣል፤ ጓዳ ውስጥ ይቀመጥ።